መኝታ ቤት ያሳደገው ትውልድ

ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ሲወራ ሰልፉና መፈክሩ ይነሳል። መኝታ ቤቱ ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ማስተማር ሲጀምር ተማሪው መቶ አይሞላም ነበር። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሉሲየን ማት ይመሩት በነበረው በዚህ ኮሌጅ ማደሪያውም ምግቡም ከመንግሥት ነው፤ ቁጥጥሩም የዚያኑ ያህል ጥብቅ ነበር። የባላባት ልጅና የገበሬ ልጅ ጎን ለጎን ተኙ፤ በዚያን ዘመን ሌላ የት ይገናኙ ነበር?

በ1950 ዓ.ም. ከተደረገው የነጻ የአፍሪካ አገሮች የአክራ ጉባኤ በኋላ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጡ። እነዚህን ቅኝ ገዥን ፊት ለፊት መሞገት የለመዱ ልጆች፣ በነጻ አገር የተወለደው ተማሪ ስለ ራሱ መንግሥት አፉን መያዙ አስገረማቸው። ክርክሩ መብራት ከጠፋም በኋላ ይቀጥል እንደነበር መገመት አይከብድም። እኔ የንቅናቄውን ጅማሮ የምፈልገው እዚህ ነው።

በኮሌጅ ቀን፣ ጃንሆይ በተገኙበት፣ የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ተማሪው ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን አነበበ። የ1954ቱ ግጥሞች ይበልጥ መረሩ፤ በቀጣዩ የትምህርት ዘመን አዳሪነት ቀርቶ ተማሪው የወር ድጎማ እየተሰጠው በየሰፈሩ ቤት እንዲከራይ ተደረገ።

የታሰበው ተማሪውን መበተን ከነበረ፣ ውጤቱ ተቃራኒው ሆነ። ከግቢ የወጣው ልጅ የከተማውን ድሃ ጎረቤት አደረገ። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወጣ፤ በ1958 ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሾላ ላይ ለታጎሩት ችግረኞች ጮኸ።

አዳሪነቱ ከጊዜ በኋላ ተመልሷል፤ የዛሬው ዶርም ግን በሌላ ወግ ይኖራል። ፍሬሽማኑ በር ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር ስሙን ይፈልጋል። ድልድሉ ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ስለሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አበበ ቢገኝ አይገርምም፤ ያኔ አንዱ በአባቱ ስም፣ ሌላው በመጣበት አገር ይጠራል። ከቤት የተላከው በሶና ዳቦ ቆሎ የክፍሉ ሁሉ ነው፤ ለብቻው ሎከሩ ውስጥ የሚቆልፍ በክፉ ይታያል። ከተመረቁ በኋላም «የዶርሜ ልጅ» የተባለ ሰው ለሠርግ ሚዜ፣ ለሐዘን ቀድሞ ደራሽ ነው።