የደንገል መንገድ
የጣና ታንኳ ጉዞ በታሪክ ዓይን

መንገድ ሲባል በቅድሚያ ወደ አሳባችን የሚመጣው የሰው እግርና የአጋሰስ ኮቴ የደለደለው መሬት ነው። የየብስ መንገድ የተጓዡን ዱካ ይይዛል፤ ዛሬ ያለፈው ሰው ነገ ለሚመጣው ምልክት ትቶ ያልፋል። የውኃ መንገድ ግን ዱካ የለውም። ታንኳ የሰነጠቀው ውኃ ወዲያው ይገጥማል፤ የቀዘፈውም ሰው በየት በኩል እንደ ሄደ የሚመሰክር ነገር አይቀርም። እንግዲህ የውኃ መንገድ የሚኖረው በቀዛፊው አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው። ቀዛፊው ዕውቀቱን ሳያወርስ ቢሞት መንገዱም አብሮት ይቀበራል።

የጣና ሐይቅን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ብራና መጻሕፍቱ፣ ስለ ነገሥታቱ አፅም ብዙ ብለዋል፤ የሚገባም ነው። እነዚያን መጻሕፍትና እነዚያን አፅሞች ውኃውን አሻግሮ ከደሴት ያደረሰው ባለታንኳ ግን በታሪኩ ውስጥ የሚታየው እንደ ጥላ ነው። ይህ ጽሑፍ የታንኳውን ጉዞና ጉዞው የሚታቀድበትን ጥበብ ከጥላው አውጥቶ ለማሳየት የሚደረግ ሙከራ ነው።

«ዕቅድ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን የቢሮና የወረቀት ቃል ሆኖ ቆይቷል። ባንድ የጥር ማለዳ ከዜጌ ዳርቻ ቆሜ አንድ አዛውንት ባለታንኳን፣ «አባባ፣ መቼ እንነሣለን?» ብዬ ብጠይቃቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። በመጀመሪያ የታንኳውን ሆድ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ውኃ መያዝ አለመያዙን አዩ። ከዚያም ወደ ሰማዩ፣ ከዚያም ወደ ጭነቱ፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ተመለከቱ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር የወረቀት ዕቅድ ከመታወቁ በፊት ዕቅድ እንደ ነበረ ነው። አዛውንቱ አራት ነገሮችን እየመዘኑ ነበር፤ ታንኳውን፣ ነፋሱን፣ ማረፊያውንና የጉዞውን ዓላማ።

ከታንኳው እንጀምር። የጣና ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳርና በወንዞች አፍ ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በእስር በእስር ተደርጎ በልጥ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ይታሰራል። ሚስማር፣ ሳንቃ፣ ቅጥራን አይገባበትም። ቀዛፊው በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይነዳዋል። ታንኳው የሚንሳፈፈው በደንገሉ ውስጥ ባለው አየር ስለ ሆነ ጎኑ ቢቀደድ እንደ ሳንቃ ጀልባ ወዲያው አይሰምጥም። ይሁን እንጂ ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ከጉዞ መልስ ከውኃ ወጥቶ በዳርቻው ቆሞ ካልደረቀ ዕድሜው አጭር ነው፤ በሚገባ ቢያዝም የሚያገለግለው ለወራት እንጂ ለዓመታት አይደለም። ስለዚህ የጉዞው ርዝመት የሚወሰነው በቀዛፊው ክንድ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ደንገሉ ሳይከብድ ሊቆይ በሚችልበት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ የጉዞ ምዕራፍ ታንኳው ወጥቶ ሊደርቅ በሚችልበት ዳርቻ ማብቃት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ውኃ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውኃ ደግሞ ነፋስ ሲነካው ፈጥኖ ይቆጣል። ማለዳ እንደ መስታወት የተኛው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ማዕበል ያነሣል። ባለታንኳው ይህን የሚያውቀው ከአባቱ ነው። በመሆኑም ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ፀሐይ ሳትበረታ ሜዳውን ውኃ አቋርጦ ወደ ዳር ይጠጋል። ቀሪውን ቀን የሚጓዝ ከሆነም ዳር ዳሩን ይይዛል እንጂ መሐሉን አይደፍርም። ዳሩም ቢሆን የራሱ ባለቤት አለው፤ በደንገሉ መካከል ጉማሬ ይተኛል። ጉማሬ ከግጦሽ ወደ ውኃ የሚመለስበትን ሰዓትና በር ያላወቀ ቀዛፊ ከነፋስ ቢያመልጥ ከእሱ አያመልጥም።

ሦስተኛው ማረፊያ ነው። በሐይቁ ውስጥ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ። በካርታ ላይ ሁሉም እኩል ነጥብ ናቸው፤ ለባለታንኳው ግን እያንዳንዱ ደሴት የራሱ ሕግ አለው። ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ሴት አትረግጣቸውም፤ ስለዚህ ሴት ያሳፈረ ታንኳ የሚያርፍበት ሌላ ዳር አስቀድሞ ሊታሰብለት ይገባል። ሰፊው ደቅ ግን እህል የሚዘራበት፣ ሕዝብ የሰፈረበት፣ መንገደኛም የሚያድርበት ምድር ነው። በቅርብ ዘመን ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ይመላለስ የነበረው የሞተር መርከብ እንኳ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ ሲቆም፣ ባለታንኳ ከጥንት ጀምሮ ያረፈባቸውን ዳርቻዎች መከተሉ ነበር። ብረቱ የደንገሉን መንገድ ወረሰ ማለት ነው።

አራተኛው ዓላማው ነው። ከዜጌ እንጨትና ቡና ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሄድ አንድ ነው፤ ዓሣ ሊያጠምድ የሚወጣ ሌላ ነው። ነጋዴው ወደማይንቀሳቀስ ገበያ ይጓዛል። ዓሣ አጥማጁ ግን የሚጓዘው እሱም መንገደኛ ወደ ሆነ ፍጡር ነው። ቀረሶ የዳር ደንገልና ሣር ይወዳል። ነጭ ዓሣ የሚባሉት ወገኖች ግን ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች አፍ ተሰብስበው እንቁላላቸውን ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለሚለየው፣ ከእነዚህ ነጭ ዓሣዎች መካከል ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የማይገኙ ከ10 በላይ ዝርያዎች እንዳሉ የሳይንስ ሰዎች አረጋግጠዋል። አጥማጁ ስማቸውን በላቲን ባያውቅም የጉዞ ቀጠሯቸውን ያውቅ ነበር።

በዚህ ጥበብ ስማቸው የሚነሣው ወይጦዎች ናቸው። ወይጦዎች በሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማጥመድና ታንኳ በመሥራት የታወቁ ሕዝብ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው የጉማሬ ሥጋ ትበላላችሁ ብለው ለዘመናት ንቀዋቸዋል፤ አብረዋቸውም ማዕድ አልቆረሱም። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። እንግዲህ በታንኳቸው ተሻግሮ ደሴት የተሳለመው፣ በታንኳቸው እህሉን ያሻገረው ሰው በማዕዱ ላይ ቦታ አልሰጣቸውም። ከቋንቋቸው ጋር ስንት የነፋስ ስም፣ ስንት የዳርቻ ስም እንደ ጠፋ ማን ይቆጥረዋል? የተናቀ ሙያተኛ ዕውቀት እንዴት እንደሚባክን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

ይሁንና መንግሥትም ቤተ ክህነትም ያለዚህ ሙያ መኖር አልቻሉም። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት የብስን ባናወጠ ጊዜ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት የተሸሸጉት በደሴቶቹ ላይ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅሞች ዐርፈዋል። ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከመቆርቆሯ በፊት ዐፄ ሱስንዮስ ከጎርጎራ ሆነው ሲያስተዳድሩ የሐይቁ ዳር የቤተ መንግሥት ደጅ ነበር። በዚያ ዘመን በአካባቢው የኖሩት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንም በጽሑፋቸው ከእንጨት ሳይሆን ከደንገል ስለሚሠራው ታንኳ አውስተዋል። የንጉሥ አፅምም ሆነ የገበሬ እንጨት የተሻገረው በዚያው እስር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሐይቁ ከሩቅ ሆነው በሚያስቡት ኃያላን ካርታ ላይ ገባ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ሰፈረ። በዚያ አንቀጽ ውስጥ ጣና የተቆጠረው እንደ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ በላዩ ስለሚቀዝፈው ሰው የተነሣ ነገር የለም። በዓመቱ፣ በ1895 ዓ.ም.፣ ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ ዓባይን ቁልቁል ለመውረድ ሞከረ፤ ጀልባዎቹ ብዙም ሳይርቁ በዓለት ተሰባበሩ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ከ60 በላይ ሰዎች ያሉበት የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ጓድ በጎማ ጀልባዎችና በአውሮፕላን እየተረዳ ወንዙን ወረደ፤ እሱም ቢሆን አንድ ባልደረባውን ውኃ ወስዶበታል። በእነዚህ ሁሉ መካከል ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ ቆንስል የነበረው እንግሊዛዊው ቺዝማን ለየት ይላል። የጣናን ዳርቻና ደሴቶች በትዕግሥት እየዞረ አጥንቶ በ1936 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚነበበው ከቸኮለ መንገደኛ ይልቅ ጠይቆ የሚሄድ መንገደኛ የጻፈው በመሆኑ ነው።

የደንገሉን ጥበብ ለዓለም ያሳየው ግን ሌላ ጉዞ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማስረዳት በተነሣ ጊዜ፣ የሚያስፈልገውን ደንገል ያገኘው ከጣና ነበር። 12 ቶን ያህል ደንገል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ተጋዘ። በፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች «ራ» የተባለችውን መርከብ ሠሩ፤ በግንቦት 1961 ዓ.ም.ም ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣች። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘች በኋላ ግን ባርባዶስ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ኋላዋ ረግቦ ፈረሰች፤ መርከበኞቹም ጥለዋት ወጡ።

ምክንያቱ ምን ነበር? በጥንታውያን ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ የመርከቡ ኋላ ወደ ላይ ተቆልምሞ ከወለሉ ጋር በገመድ ተወጥሮ ይታያል። የሃያኛው መቶ ዓመት ሰዎች ይህ ገመድ ጌጥ መሰላቸው፤ ጥቅሙ ስላልገባቸው አልተገበሩትም። ኋላው ወደ ውኃው ማዘንበል ሲጀምር ነው ገመዱ የመርከቡ ጅማት እንደ ነበረ የተረዱት። በዓመቱ ሁለተኛዋ «ራ» ዳግመኛ ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል፣ በቦሊቪያ ከሚገኘው የቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ሠሪዎች እጅ፣ ጠበቅ ባለ እስር ተሠራች፤ በግንቦት 1962 ዓ.ም. ተነሥታም በ57 ቀን 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጣ ባርባዶስ ገባች። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። የቀደመ ሰው ያለ ምክንያት አያስርም። ያልገባንን ቋጠሮ ከመቁረጣችን በፊት ለምን እንደ ታሰረ መጠየቅ ይገባናል። የመርከበኞቹን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ ያን ሁሉ ደንገል በጣና ዳር ያጨዱትንና ያሰሩትን እጆች ግን ስንቶቻችን አስበናቸዋል?

ጥያቄው ያለፈ ዘመን ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገብቶ ዓሣ አጥማጁን ከነፋስ ባርነት በከፊል አላቅቆታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መረቡ የዓሣውን የክረምት ጉዞ ጠብቆ በወንዞች አፍ ሲዘረጋ፣ አሮጌው ዕውቀት ያለ አሮጌው ልክ ሥራ ላይ ዋለ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች የነጭ ዓሣ ብዛት እጅግ ማሽቆልቆሉን መዝግበዋል። የሐይቁ ዳር እየታረሰ ደንገሉ ቀንሷል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች የውኃውን ገጽ እየሸፈነ የታንኳውንም የዓሣውንም በር ዘግቷል። ደንገል በሌለበት ታንኳ የለም፤ ታንኳ በሌለበት ደግሞ የነፋሱንና የዳርቻውን ትምህርት ለልጁ የሚያስተምር አባት አይኖርም።

ታንኳው ለዘላለም ይኑር፣ ሞተሩ ይቅር ማለት ቂልነት ነው፤ በውኃ መካከል የሚታመም ሕፃን ያለው ሰው ፈጣን ጀልባ ይፈልጋል። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። መምህሩ የሐይቁን ልጆች ጂኦግራፊ ሲያስተምር የአባቶቻቸውን ዳርቻዎችና ነፋሶች ከካርታው አጠገብ ያስቀምጥ። ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱ ገዳሙን ሲሥሉ ወደ ገዳሙ ያሻገረውን ሰውም ይሣሉ። ዕቅድ የሚያወጣው ኃላፊ ከዕቅዱ በፊት ወደ ዳርቻው ወርዶ የወይጦን አዛውንት ይጠይቅ፤ ከጎኑም ይቀመጥ።

አዛውንቱ ያን ቀን ጥቂት ካሰቡ በኋላ ጭነቱን አስቀንሰው ተነሣን። ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ከማዶው ዳርቻ ደረስን፤ ታንኳውንም አውጥተን ለፀሐይ አቆምነው። ወደ ኋላ ብመለከት ውኃው ተገጣጥሞ ዱካችን ጠፍቷል። መንገዱን የያዙት እሳቸው ብቻ ነበሩ።