ከአምቦ ውሃ እስከ ጭሊሞ ደን

የአምቦ ውሃ በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ገደማ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከተማዪቱ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ትጠራ ነበር፤ ስሙም ለፍል ውሃዋ የሚገባ ስም ነበር። ከምድር የሚፈልቀውን ውሃ ማንም ሰው አልሠራውም፤ ነገር ግን ከጠርሙስ ይገባ ዘንድ ገንዘብና መኪና፥ መንገድና ፈቃድ ያስፈልጉታል። ገንዘቡንና መኪናውን ባለ ኢንዱስትሪው ያመጣል፤ መንገዱንና ፈቃዱን መንግሥት ይሰጣል። ምንጩ የሚገኝበት አገር ሰውስ ከውሉ ላይ በየትኛው መስመር ይፈርማል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በትእዛዝ ቁጥር 43 የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር እንዲቋቋም አዘዙ። አሳቡ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ስለ አውራጃው ጉዳይ እንዲመክርና ለሥራው የሚሆን ገቢ እንዲያገኝ ነበር። አምቦም በዚያ ጊዜ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ይሁን እንጂ የመሬት ባለቤቶች የበዙበት ፓርላማ ትእዛዙን ሳያጸድቀው ቀረ። ከጽሕፈት ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፥ ያልተፈረመ ወረቀት አይቀደድም፤ ከመደርደሪያ ላይ ያረጃል እንጂ። በአቅራቢያው ያለችው ጉደርም ስሟን ለታወቀው ቀይ ወይን ጠጅ ሰጥታለች፤ ጠጁ የሚጠመቅበት ፋብሪካ ግን ያለው አዲስ አበባ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት እጅ ሲዞሩ ባለ ኢንዱስትሪውና መንግሥቱ አንድ ሆኑ፤ የሚነጋገረውም ወገን አነሰ። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚያ ዘመን ነው። ዘመን ተለውጦ ፋብሪካዎች ወደ ሽርክና ሲመለሱ፥ በ2001 ዓ.ም. ገደማ የአምቦ ውሃ ፋብሪካ የመንግሥት፥ የሳውዝ ዌስት ዲቨሎፕመንትና ሳብሚለር የተባለው የውጭ ኩባንያ የጋራ ንብረት ሆነ። ከሦስቱ ሸሪኮች አንዱም የአምቦ ከተማ ምክር ቤት አልነበረም።

ወደ ሙገር እንመለስ፤ ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው በዚያ ነውና። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ በሚያኽል ሙቀት ከተጋገረ በኋላ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ክሊንከር ከጂፕሰም ጋር እንደ ገና ይፈጫል፤ ክሊንከሩን ለመቈጠብም ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጨመርበታል። የናይጄርያው ዳንጎቴ በሙገር ያቆመው ፋብሪካ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት የታቀደ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የኦሮሚያ መስተዳድር አካላት የፑሚስ ቍፋሮው ተደራጅተው ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶች እንዲተው ጠየቁ። ኩባንያውም እንገደዳለን ካልን ፋብሪካውን እንዘጋለን ሲል አስታወቀ። በእኛ አስተያየት የወጣቶቹ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ የኩባንያውም ቅሬታ ከንቱ አልነበረም፤ ገንዘቡን ያፈሰሰው በሌላ ውል ነበርና። ከመሠረት ድንጋይ በፊት ሊነገር የሚገባው ነገር ምድጃው ከጋለ በኋላ በደብዳቤ መጣ።

ከዚህ ሁለት ዓመት ያኽል አስቀድሞ ግን፥ በደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ በጊንጪ፥ ከደብዳቤ የከበደ ነገር ደርሶ ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጭሊሞ ደንና የትምህርት ቤት ሜዳ ለባለ ሀብት ሊሰጥ ነው በማለት ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ። ተቃውሞውም የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች ለማያያዝ በወጣው ማስተር ፕላን ላይ ከነበረው ቅሬታ ጋር ተያይዞ በክልሉ ሁሉ ተዛመተ፤ ብዙ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ። በጥር 2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች መንገድና ቤት፥ ፋብሪካና ውሃ ቈጥረው ይሆናል፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ገበሬ ግን አስቀድመው አልጠየቁትም።

የሚያስደንቀውም ይህ ሁሉ የሆነው በጭሊሞ ደን አጠገብ መሆኑ ነው። ጽዱ፥ ዝግባውና ወይራው ለብዙ ዘመን ሲመነጠር ቈይቶ፥ በ1974 ዓ.ም. ገደማ 22,000 ሄክታር ያኽል የነበረው ደን ወደ 6,000 ሄክታር ወርዷል ተብሎ ተጽፏል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት እየረዳ፥ በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል መፈራረም ጀመሩ። በውሉ ገበሬዎቹ ደኑን ይጠብቃሉ፤ በልክም ይጠቀሙበታል፤ መንግሥትም መብታቸውን ያውቅላቸዋል። በአገራችን በዚህ ዐይነት አሠራር ከተሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ደኖች አንዱ ይኸው ጭሊሞ ነው። ስለዚህ የጊንጪ ተማሪዎች ለደኑ በተነሡ ጊዜ፥ ገበሬዎቹ የፈረሙበት ወረቀት ዓመታት አስቈጥሮ ነበር።