ከመንገደኛ በስተቀር

በ1813 የኬንታኪ ግዛት ምክር ቤት አንድ አጭር ሕግ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሽጉጥ፣ ጩቤ ወይም በከዘራ ውስጥ የተሸሸገ ጎራዴ ደብቆ የያዘ ሰው ከ100 ዶላር በማያንስ ገንዘብ ይቀጣል ይላል። በዚያ ዘመን 100 ዶላር ቀልድ አልነበረም። ሕጉ መሐል ላይ ግን አንዲት ሐረግ አለች፦ ክልከላው መንገድ ላይ ያለን ሰው አይመለከትም። ባለሱቁ ይከለከላል፣ ገበሬው ይከለከላል፣ ጠበቃው ይከለከላል፤ መንገደኛው ብቻ ይፈቀድለታል።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። እስከ 2024 ድረስ ከ50ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች 29ኙ ሽጉጥ ደብቆ መታጠቅን ያለ ምንም ፈቃድ ፈቅደዋል። በሌሎቹም ፈቃድ አውጥቶ መታጠቅ ይቻላል። እቤቱ አካባቢ ሕጋዊ የሆነው ሰው የሚታሰረው ድንበር ሲሻገር ነው። ያኔ ከክልከላው የሚወጣው መንገደኛው ነበር፤ አሁን ከፈቃዱ የሚወጣው መንገደኛው ሆኗል። ይሄ ግልብጥ እንዴት መጣ? ጥያቄው ጥቂት ወራት አላስተኛኝም።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ነው፣ ሕግ አይደለም። ወደዚህ ታሪክ የገባሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሱቅ ባላቸው አንድ ዘመዴ ምክንያት ነው። ማታ ማታ ገንዘብ ይዘው ስለሚወጡ የቨርጂኒያ የሽጉጥ ፈቃድ አውጥተዋል። አንድ እሁድ ቡና ላይ ቀጭን ጥያቄ ጣሉብኝ፦

«እስቲ አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አየት አድርግልኝ። ይሄ ፈቃዴ ዲሲም ይሠራል አይደል? መንጃ ፈቃዴ ይሠራ የለ!»

«ጋሼ፣ አይመስለኝም» አልኳቸው። «ግን ለምን እንደማይሠራ ልይልዎት።»

«ለምን» የሚለው ነው 200 ዓመት ወደ ኋላ የወሰደኝ።

የ1813ቱ ሰዎች አመክንዮ ለኛ እንግዳ አይደለም። ድሮ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ዱላውን ጨብጦ ይወጣ ነበር። በሰፈርህ ጎረቤት አለህ፣ ዳኛ አለህ፤ በጎረቤት መሐል መሣሪያ ደብቀህ የምትዞር ከሆነ «ማንን ፈርተህ ነው? ወይስ ማንን ልትጎዳ ነው?» ያሰኛል። ጫካ ለጫካ የሚጓዝ ሰው ግን ማንም የለውም። ስለዚህ መሣሪያ በሰፈር ጥርጣሬ፣ በመንገድ ደግሞ ስንቅ ነበር። የኬንታኪን ሕግ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1822 ቢሽረውም፣ የመንገደኛው ነገር ግን በሌሎች ግዛቶች ሕጎችም እየገባ ቀጠለ።

ችግሩ ሌላ ነው፦ መንገደኛ ማን ነው? ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ አስቀያሚ ሆኖ የወጣው በ1857 ነው። ድሬድ ስኮት የተባለ በባርነት የተያዘ ሰው ነፃነቱን ለማግኘት ከስሶ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዋና ዳኛው ሮጀር ታኒ ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ፈረደ። ከምክንያቶቹ አንዱን ሳነብ ቁጭ ብዬ ደገምኩት። ዜጋ ናቸው ካልን፣ ይላል በፍሬ ነገሩ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ወደፈለጉት ግዛት ሊገቡ፣ የፈለጉትን ያህል ሊቆዩ፣ በአደባባይ ሊናገሩ፣ በሄዱበትም ሁሉ መሣሪያ ሊታጠቁ ነው። ታኒ ይህን የዘረዘረው ለማስፈራራት ነው። ዝርዝሩ ግን ሳያስበው አንድ ነገር ይነግረናል፦ ለሱ ዜግነት ማለት ድንበር ስትሻገር መብትህ አብሮህ መሻገሩ ነበር። ለዚያም ነው ለጥቁር ሰው የነፈገው።

የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ ባርነት ቢቀርም ሐሳቡ አልቀረም። በ1865 የሚሲሲፒ ግዛት ነፃ የወጡ ጥቁሮች ያለ አካባቢው ባለሥልጣን ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዙ ሕግ አወጣ። እዚህ ላይ «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንዲህ ያሉትን ሕጎች ለመስበር ታስቦ ነበር፤ በተግባር ግን ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣን ከነሙሉ ሥልጣኑ ቀጠለ።

ምዕራቡን በፊልም ስለምናውቀው ሁሉም ታጥቆ የሚዞርበት ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ቴክሳስ በ1871 ሽጉጥ ይዞ መዞርን በሕግ ከለከለች፤ መንገደኛን ግን አስቀረች። መንገደኛ ማን እንደሆነ ግን አልጻፈችም። ከ100 ዓመት በላይ የቴክሳስ ፍርድ ቤቶች ተከራከሩበት፦ መንገድ ላይ ማደር አለበት? ስንት ወረዳ ማቋረጥ አለበት? መንገዱን አቋርጦ ጉዳይ ቢፈጽምስ? እንደኔ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ቅዠት ነው፤ ፕሮግራሙ በሙሉ የተንጠለጠለበት ነገር ትርጉም ሳይሰጠው ሲሠራ ኖሯል። ምክር ቤቱ በመኪናው የሚሄድን ሰው እንደ መንገደኛ የሚቆጥር ድንጋጌ የጨመረው በ2005 ነው። በ2021 ደግሞ ቴክሳስ ፈቃዱን ራሱን አስቀረችው።

በአሪዞና የቶምስቶን ከተማ ደግሞ በ1881 ደንብ ቁጥር 9ን አወጣች። ከውጭ የሚመጣ ሰው ከተማ እንደገባ መሣሪያውን ያስረክባል፣ ሲወጣ ይቀበላል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 26 ኦኬ ኮራል አጠገብ የተደረገው ዝነኛ ተኩስ የተነሣው ቨርጂል ኧርፕና ጓደኞቹ ይህን ደንብ ለማስከበር ካውቦዮቹን ትጥቅ ሊያስፈቱ ሲሄዱ ነው። የቶምስቶን ደንብ ጥብቅ ነበር፤ ቢሆንም መንገደኛው የሚጠበቅበትን ያውቃል፣ የሚያስረክብበት ቦታም አለው።

የነገሩ ማጠፊያ 1911 ነው ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዓመት ኒውዮርክ የሰሊቫንን ሕግ አወጣች፤ ደብቆ ለመታጠቅ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ሽጉጥ ለመያዝም ፈቃድ ያስፈልጋል አለች። ሌሎች ግዛቶችም በየራሳቸው መንገድ ወደ ፈቃድ ሄዱ። ለውጡ ቀላል ይመስላል፣ ግን የሕጉን መሠረት ነው የቀየረው። ድሮ ሕጉ «ምን እያደረግህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ መልሱ «እየተጓዝኩ ነው» ከሆነ ያልፍሃል። አሁን «ማን ያውቅሃል?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ዳኛ፣ ሸሪፍ ወይም የፖሊስ አዛዥ ነው። ጸባይህ የተመሰከረለት፣ በቂ ምክንያት ያለህ መሆንህን እሱ ይመዝናል። መንገደኛ ማለት ደግሞ በትርጉሙ ማንም የማያውቀው ሰው ነው። ሕጉ መተዋወቅን መሠረት ባደረገ ዕለት፣ መንገደኛው ከመጀመሪያው ረድፍ ወደ መጨረሻው ወረደ።

መተዋወቁም ለነዋሪው ቢሆን ዋስትና አልነበረም። በ1956 ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ውስጥ ቤቱ በቦምብ የተመታበት ማርቲን ሉተር ኪንግ የመታጠቅ ፈቃድ ጠየቀ፤ ተከለከለ። ከሱ በላይ በቂ ምክንያት የነበረው ሰው መገመት ይቸግራል።

ኮንግረስ መንገደኛውን ያስታወሰው በ1986 ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ እንዲህ ይላል፦ በተነሣህበትም በምትደርስበትም ቦታ መሣሪያውን መያዝና መታጠቅ ከተፈቀደልህ፣ በመሐል ያለውን ግዛት አቋርጠህ ማለፍ ትችላለህ። ግን ጥይቱ ይውጣ፤ መሣሪያውም ጥይቱም ከመቀመጫህ እጅህ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። መኪናው የተለየ የኋላ ዕቃ መጫኛ ከሌለው፣ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ የክሩስኮቶው መሳቢያ አይቆጠርም። ልብ በሉ፣ ይሄ የማለፍ መብት ነው እንጂ የመታጠቅ መብት አይደለም። መንገደኛው ያለፈለት ስንቁን እንደ ዕቃ ካሰረ ብቻ ነው።

ማለፍ ምንድን ነው የሚለውም ወዲያው አከራከረ። በ2005 አንድ የዩታ ሰው ሽጉጡን በሕጉ መሠረት ሻንጣው ውስጥ ቆልፎ፣ በኒዋርክ በኩል ወደ ፔንሲልቫኒያ በረረ። አውሮፕላኑ ዘግይቶ የሚቀጥለው በረራ አመለጠው፤ ሻንጣውን ተቀብሎ ኒው ጀርሲ ሆቴል አደረ። ጠዋት አየር ማረፊያ ተመልሶ «ሽጉጥ አለኝ» ብሎ ሲያስመዘግብ ታሰረ። ክሱ ቢቋረጥም፣ እሱ ራሱ ባቀረበው ክስ ይግባኝ ሰሚው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2010 ፈረደበት፦ ሆቴል ባደረበት ሌሊት ሻንጣው እጁ ላይ ስለነበር የ1986ቱ ሕግ አይጠብቀውም። ማደር ለቴክሳስ ዳኞች የመንገደኛነት ምልክት ሊሆን ይችል ነበር፤ እዚህ ግን ማደሩ ጥበቃውን አሳጣው።

በ2013 ደግሞ የፔንሲልቫኒያ ፈቃድ ያላት የ27 ዓመት የልጆች እናት ኒው ጀርሲ ውስጥ በትራፊክ ጥፋት ተያዘች። ፈቃድም ሽጉጥም እንዳላት ለፖሊሱ ራሷ ነገረችው። ኒው ጀርሲ የፔንሲልቫኒያን ፈቃድ ስለማትቀበል፣ ከ3 ዓመት ተኩል በማያንስ እሥራት የሚያስቀጣ ክስ ተከፈተባት። ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ ከእሥራቱ ዳነች፤ በ2015 አገረ ገዥው ክሪስ ክሪስቲ ይቅርታ አደረገላት።

ወደ ጋሼ መንጃ ፈቃድ ልመለስ፤ ጥያቄያቸው ሞኝ አይደለም። መንጃ ፈቃድም ከጥንት ጀምሮ በየግዛቱ የሚሠራ አልነበረም። በ1915 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ መኪናውን ይዞ ሜሪላንድ በመግባቱ የተቀጣበት ነው፤ በሜሪላንድ አላስመዘገበም ተብሎ። ፍርድ ቤቱ ለሜሪላንድ ፈረደ። ዛሬ ያለ ሐሳብ ድንበር የምንሻገረው ሕገ መንግሥቱ ስላዘዘ ሳይሆን፣ ግዛቶቹ በጊዜ ብዛት ተስማምተው አንዱ የሌላውን ስለተቀበለ ነው።

በሽጉጥ ላይ ያ ስምምነት የለም። በ2009 የመታጠቅ ፈቃድ በየግዛቱ እንዲሠራ የሚያደርግ ሐሳብ ሴኔት ውስጥ 58 ለ39 ድምፅ አግኝቶ፣ ከሚያስፈልገው 60 ሁለት ጎድሎ ወደቀ። በ2017 ተመሳሳይ ረቂቅ የተወካዮች ምክር ቤትን አልፎ ሴኔት ቀረ። የሚቃወሙት ወገኖች መከራከሪያ ቀላል አይደለም፦ ሥልጠና የማይጠይቅ ግዛት የኒውዮርክን ጎዳና ለምን ይወስናል? «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደማለት ነው። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኒውዮርክ አመልካቹን «የተለየ ምክንያት አምጣ» ማለት አትችልም ብሎ የሰሊቫንን ዘመን አመክንዮ ሻረ። ታዲያ አንዱ ግዛት የሌላውን ፈቃድ ይቀበል የሚል ግን አልወሰነም። በሩ ለነዋሪው ሰፋ፤ ለመንገደኛው እንደነበረው ነው።

ይሄ ለኛ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። አሌክሳንድሪያን ከሜሪላንድ የሚያገናኘው የውድሮ ዊልሰን ድልድይ መሐሉ ላይ ትንሽ የዲሲ ክልል ያቋርጣል። ቨርጂኒያ የሌሎችን ግዛቶች ፈቃድ ትቀበላለች፤ ሜሪላንድና ዲሲ የማንንም አይቀበሉም። ዲሲ ውስጥ ያልተመዘገበ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ሽጉጥ የሌለው ሰው ኪሱ ውስጥ የቀረች ጥይትም ታስከስሳለች። በጥቂት ደቂቃ ሦስት ሕግ ታልፋላችሁ፤ ቆሞ የሚጠይቃችሁ የለም። ዜጋ ላልሆነ ደግሞ ዕዳው እጥፍ ነው፦ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ከጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ግሪን ካርድ ያለው መያዝ ይችላል፤ በሕገ ወጥ መታጠቅ ከተፈረደበት ግን ከአገር ሊያስባርረው ይችላል።

ለጋሼ የነገርኳቸው አጭሩን ነው፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ይታጠቁ፤ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ውስጥ ጉዳይ ሲኖርዎት ቤት ይተዉት፤ ረጅም መንገድ ሲሄዱ የየግዛቱን ሕግ ከመነሣትዎ በፊት ከግዛቱ ፖሊስ ገጽ እንይ። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሕግ እኔን ያውቀኛል ወይ?» አሉኝ።

አያውቃቸውም። ሰው መሣሪያ ይታጠቅ አይታጠቅ በሚለው ልንለያይ እንችላለን፤ ሁለቱም ወገን የሚያነሣው ሞት እውነተኛ ነው። ግን የቶምስቶን ደንብ እንኳ ለእንግዳው ግልጽ ነበር። መንገደኛን አንድ አገር ሊከለክለው ይችላል፤ የተከለከለውን ሳይነግረው ማሠሩ ግን ሌላ ነገር ነው።