አባ ኮስትር፦ የበላይ ዘለቀ የፈረስ ስም

ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በብቸናና በሞጣ ዙሪያ አርበኞችን ሲመራ የሚጠራው «አባ ኮስትር» በሚል የፈረስ ስም ነበር። ስሙ የፊቱን ኮስታራነት ይገልጻል የሚሉ አሉ። ለፈረንሳይ ነገሥታት ቢሆን ያስኬዳል፤ ሉዊ 6ኛ «ወፍራሙ»፣ ፊሊፕ 4ኛ «መልከ መልካሙ» የተባሉት በመልካቸው ነው። የእኛ የፈረስ ስም ግን ብዙ ጊዜ ትእዛዝ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ «አባ በዝብዝ» ነበር። «ኮስትር» የተገነባው ልክ እንደ «በዝብዝ» ነው። ጠባይን መግለጽ ቢፈለግማ «ኮስታራው» ማለት ይበቃ ነበር። ስሙ በጦር ሜዳ ሲጠራ ትእዛዙ ለጌታውም ለተከታዩም ይደርሳል።

«ዐፄ በጉልበቱ» የሚለው ሌላው ቅጽሉ ግን ዘውድ ይመኝ እንደነበር አያሳይም ወይ? በቃል የሚነገረው ታሪክ ወደ ሌላ ያመራል፦ ለተከታዮቹ የራስነትና የደጃዝማችነት ማዕረግ ሲያድል፣ ለራሱስ ቢሉት እናቱ «በላይ» ብላ ስለሰየመችው ሌላ እንደማያሻው መለሰ ይባላል። ወሬው ሲተላለፍ ተኳኩሎ ይሆናል፤ ኩራቱ ግን ከዘውድ ምኞት ይልቅ ማዕረግን መናቅ ይመስላል። ከነጻነት በኋላም ደጃዝማችነቱንና የብቸናን ግዛት የተቀበለው ከንጉሠ ነገሥቱ ነው። ውሎ አድሮ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ማዕረጉ ከንጉሠ ነገሥቱ የመጣ ነበር፤ የፈረስ ስሙን የሰጠው ግን ቤተ መንግሥት አልነበረም።