ማይክሮፎኑ የማን ነው? የአትላንታ ራዲዮ ታሪክ በአጭሩ

በአትላንታ ሕዝብ በራሱ አንደበት የሚነጋገርበት ራዲዮ የተገኘው በቀላሉ አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ በጥቁር ባለቤትነት የመጀመሪያው የራዲዮ ጣቢያ የተቋቋመው በዚህችው ከተማ ነው። በ1949 የሂሳብ ባለሙያውና መምህሩ አቶ ጄሲ ብሌይተን ደብልዩ ኢ አር ዲ የተባለውን ጣቢያ ገዙ። ስቱዲዮው በኦበርን ጎዳና፣ ፕሪንስ ሆል በተባለው ሕንፃ ላይ ነበር። በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚመሩት የመብት ትግል ድርጅት ጽሕፈት ቤት ነበረው። ዶክተሩ ለሕዝብ መናገር ሲሹ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ያንኳኩ፣ ከላይ ያሉትም ማይክሮፎኑን በመስኮት ያወርዱላቸው እንደነበር ይነገራል። ጣቢያው ግን የአንድ ሰው ንብረት ነበርና በ1968 ተሸጠ፤ የኦበርን ጎዳናም ድምፁን አጣ።

በ1973 ደብልዩ አር ኤፍ ጂ በ89.3 ኤፍ ኤም ሥራ ሲጀምር ሌላ መንገድ መረጠ። ዝግጅቱን በጎ ፈቃደኞች ያቀርባሉ፤ ወጪውን በአብዛኛው አድማጮች በመዋጮ ይሸፍናሉ። ጣቢያው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል።

በስደተኞች መናኸሪያዋ በክላርክስተን ደግሞ ሰጋል ራዲዮ በ1998 ተመሠረተ። ከሶማሊኛ ሌላ በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርትና ስለ አገሩ ሕግ አሰምቷል። እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናትና አባት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪኩ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። የራዲዮ ዕድሜ የሚወሰነው በባለቤቱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ በአማርኛ የሚነገር ድምፅ በዚህች ከተማ እንዲዘልቅ የሚሻ ወገን ከማዳመጥ አልፎ መሸከምም ይጠበቅበታል።