አድራሻህ የት ነው? የለንደን የጀልባ ኑሮ ታሪክ

በኪንግስ ክሮስ፣ በካምደን ወይም በሐሮው ሮድ በኩል የምትመላለሱ ሁሉ ከድልድዮቹ ሥር ተሰልፈው የታሰሩትን ረጃጅም ጀልባዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ጭስ ማውጫቸው ይጨሳል፤ ጣሪያቸው ላይ ማገዶ፣ ብስክሌትና የአበባ ማሰሮ ተደርድሯል። «በዚህ ብርድ ውሃ ላይ የሚያድረው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ራሱን ያልጠየቀ ሐበሻ ጥቂት ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፈው የዘጌ ሰው እንኳ ማገዶውን ባሕር ዳር አራግፎ፣ ደንገሉ እንዲደርቅ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ፣ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። ጀልባ ላይ ልጅ ወልዶ ማሳደግ በእኛ ዘንድ አልተለመደም። በዚህ አገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። የነዚህ ሰዎች ታሪክ ደግሞ ለስደተኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። (የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሪጀንትስ ካናል የተባለው ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ ከፓዲንግተን እስከ ካምደን በ1816፣ ከዚያም ቴምዝ ዳር እስካለው ላይምሃውስ በ1820 ተከፈተ። ርዝመቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀልባዎቹ በፈረስ ይጎተቱ ነበር። ኢዝሊንግተን ላይ ግን 878 ሜትር የሚረዝመው ዋሻ የፈረስ መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ፈረሱ ተፈትቶ በላይ በኩል ሲሻገር፣ ሰዎቹ በጀርባቸው ተንጋለው የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየገፉ ጀልባውን በጨለማ ያሻግሩት ነበር። በ1826 በእንፋሎት የሚሠራ ጎታች ሲመጣ ነው ከዚህ የተገላገሉት። አደጋም ነበረው። በጥቅምት 1874 ባሩድና ነዳጅ የጫነች «ቲልበሪ» የምትባል ጀልባ ሪጀንትስ ፓርክ አጠገብ ድልድይ ሥር ስትደርስ ፈንድታ ሦስቱም ሠራተኞቿ አለቁ። ድልድዩ እንደገና ተሠርቶ ዛሬም ይታያል።

ሚስትና ልጆች ወደ ጀልባው በብዛት የገቡት ግን የባቡር ሐዲድ ከመጣ በኋላ ነው። የለንደንና የበርሚንግሃም ሐዲድ በ1838 ሲጠናቀቅ የጭነት ዋጋ ወረደ። ባለጀልባው የቤት ኪራይም የረዳት ደመወዝም መክፈል አቃተው። ቤቱን ለቀቀና ቤተሰቡን ይዞ ገባ፤ ሚስቱ መሪ ያዘች፣ ልጁ ፈረስ ነዳ፣ ለሁለቱም የሚከፈል ደመወዝ አልነበረም። ከ20 ሜትር የሚበልጠው ጀልባ በሙሉ ለድንጋይ ከሰሉና ለእህሉ ሲሆን፣ ለሰው የተረፈው ከኋላ ያለች ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የምታህል ክፍል ነበረች። አንድ ምድጃ፣ ሲዘረጋ ገበታ የሚሆን የቁም ሣጥን መዝጊያ፣ ቀን ቀን ታጥፎ የሚደበቅ አልጋ። እዚያች ውስጥ ተወልዷል፣ ታሟል፣ ተሞቷል። እንዲህም ሆኖ ሴቶቹ ነሐሱን እንደ ወርቅ ይወለውሉት፣ ግድግዳውን በዳንቴልና በጌጠኛ ሳህን ያስጌጡት ነበር። የውሃ መቅጃው ሳይቀር ጽጌረዳ ይሳልበት ነበር። ጎብኚ ይህን ሲያይ «እንዴት ያምራል» ይላል፤ ማማሩ እውነት ነው፣ ቦታው ግን የጠበበው በድህነት ነው።

ከዚያ መንግሥት መጣ። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል፣ ራሱም በልጅነቱ በጡብ ሥራ የተንገላታ ሰው፣ የጀልባ ልጆች ሳይማሩ መቅረታቸውን እያነሳ ብዙ ጮኸ። በ1877 የካናል ጀልባዎች አዋጅ ወጣ። እያንዳንዱ መኖሪያ ጀልባ ተመዝግቦ ቁጥር እንዲለጠፍበት፣ ስንት ሰው እንደሚያድርበት እንዲወሰን፣ ከሁሉም በላይ «የየት ነው?» ለሚለው መልስ እንዲኖረው ታዘዘ። ልጆቹም ጀልባው የተመዘገበበት ቦታ ነዋሪዎች ናቸው ተባለ። በእኛ ቋንቋ፣ ለተንቀሳቃሽ ቤት የቀበሌ መታወቂያ ወጣለት ማለት ነው። ስሚዝ ባለጀልባዎቹን ሰካራምና መሃይም አድርጎ ስለጻፈ እነሱ አልወደዱትም። ያልወደዱበትም ምክንያት ይገባናል፤ ስለ ድሃ ተሟጋች ነኝ የሚል ሰው ድሃውን ሲያዋርድ ያየነው ነገር ነው። ለልጆቹ ያነሳው ጥያቄ ግን ትክክል ነበር።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ኑሮው ሌላ ሆነ። በዛሬዪቱ ምዕራብ ለንደን፣ ብሬንትፎርድ ላይ በ1904 አንድ የወንጌል ማኅበር ለባለጀልባዎች ማረፊያና ለልጆቻቸው መማሪያ የሚሆን ቤት ሠራ። ልጁ የሚማረው ጭነቱ እስኪራገፍ ነው። ጀልባው ባዶ ሆኖ ከቆመ አባት ገቢ የለውም፤ የሚከፈለው በጉዞ ነውና። ስለዚህ ፊደሉ ሳያልቅ ገመዱ ይፈታል። ብዙዎቹ ስማቸውን መጻፍ ሳይችሉ ነው ያረጁት።

የ1962–63ቱ ክረምት ካናሎቹን ለሳምንታት በበረዶ ቆለፋቸው። ሥራው ቀድሞውንም በመኪና እየተነጠቀ ስለነበር ከዚያ ወዲያ አላገገመም። ቤተሰቦቹ ወደ የብስ ወጡ። ጀልባዎቹን የወረሳቸው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ኢንጂነሩ ቶም ሮልት በ1939 «ክሬሲ» በተባለች ጀልባ ከባለቤቱ ጋር ተጉዞ በ1944 ያሳተመው «ናሮው ቦት» የተሰኘ መጽሐፍ ብዙ ሰው ቀስቅሶ፣ በ1946 ካናሎቹን ከመደፈን የሚታደግ ማኅበር ተመሠረተ። ያ ትግል ባይኖር ዛሬ ከኪንግስ ክሮስ ሬስቶራንቶች ወጥተን የምንዘዋወርበት የውሃ ዳር ባልኖረ።

የዛሬው ነዋሪ ደስታው ይታወቃል፦ ጠዋት በመስኮቱ የሚዋኝ ዳክዬ፣ በሩን ሳያንኳኳ የሚገባ ጎረቤት፣ ሰፈር ሲሰለች ቤትን ይዞ መሄድ። ምሬቱ ግን ከሩቅ አይታይም። ውሃው ልክ አለው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ሌሊት ያልቃል፣ ከሰሉ በትከሻ ይመጣል፣ ልብሱ ይሻግታል፤ የሽንት ቤቱን ጋን ተሸክሞ ሄዶ መድፋት ደግሞ የራስ ሥራ ነው። በላዩ ላይ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና በየአራት ዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለ።

ሁሉንም የሚያከብደው የ1995ቱ ሕግ ነው። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌለው ጀልባ በአንድ ሥፍራ ከ14 ቀን በላይ ባይቆም ይገባዋል። ለንደን ውስጥ ቋሚ ማሰሪያ ውድ ነው፤ ቢከፈልም እንኳ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በኪራይ ንረት ተገፍቶ ጀልባ የገዛው ሠራተኛ በየሁለት ሳምንቱ ገመዱን ይፈታል፤ ልጁ ሐክኒ ተመዝግቦ እያለ ቤቱ አንድ ወር ፓዲንግተን፣ ሌላ ወር ቶተንሃም ያድራል። ከ2012 ጀምሮ ካናሎቹን የሚያስተዳድረው የካናልና የወንዝ ትረስት ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ቋሚ ማሰሪያ በሌላቸው ላይ ተጨማሪ ክፍያ ጥሏል። ትረስቱ የጥገናው ወጪ ከበደኝ ይላል። ባለጀልባዎቹ ደግሞ ባንዲራ ሰቅለው ተቃውመዋል፤ ሳይንቀሳቀሱ መኖር ተከልክለው፣ በመንቀሳቀሳቸው ደግሞ አብልጠው እንዲከፍሉ መጠየቃቸውን አልዋጥ ብሏቸዋል።