ዜና ፊሊፕ አንደርሰን፥ ስፒኖች ባሉበት ስለ መቅረታቸው

በ1950 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በየካቲት ወር፥ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ በቤል ላቦራቶሪ የነበረ ፊሊፕ አንደርሰን የሚባል ሊቅ እንግዳ ጽሑፍ አሳተመ። ምክንያቱ እንዲህ ነው።

በዚያው ቤት ጆርጅ ፌኸር የሚባል ብራቲስላቫ የተወለደ፥ በሙከራ የተካነ ሰው ነበረ። እርሱም ፎስፎረስ በጥቂቱ የገባበትን ሲሊከን ወስዶ በፈሳሽ ሂሊየም አቀዘቀዘው። ፎስፎረስ ሁሉ ስፒን፥ ማለት እንደ ታናሽ መግነጢስ የሚያደርገው ጠባይ፥ ያለው አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን አለው። ፌኸርም ከስፒኖቹ ጥቂቱን ለይቶ በማይክሮዌቭ ነካ። ጉልበቱን ጎረቤት ለጎረቤት እያቀበለው ወዲያው ይበተናል ተብሎ ሲጠበቅ፥ የተነካው በዚያው በቦታው ቆየ፤ ደቂቃም አለፈ።

ከመቶ የሲሊከን አተም አምስት ያህሉ መግነጢስነት አላቸው፤ የተቀመጡትም በዕጣ እንጂ በሥርዓት አይደለም። ስለዚህ አንዱ ኤሌክትሮን ያለበት የመግነጢስ መስክ ከጎረቤቱ መስክ ይለያል፤ ጉልበታቸውም ስላልተካከለ፥ ገንዘባቸው እንደማይመነዘር ሁለት ነጋዴዎች መቀባበል ተሳናቸው። አንደርሰንም ዝብርቅርቁ ከልክ ሲያልፍ ከስፒን ወደ ስፒን የሚሻገረው ሞገድ መዘግየት ብቻ ሳይሆን ጭራሽ መሄድ እንደሚያቆም በስሌት አሳየ። በ1970፥ ዳግመኛ በዘመነ ማርቆስ፥ ከኔቪል ሞትና ከጆን ቫን ቭሌክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የፌኸርን ስም ግን በዚህ ነገር የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ ይህም ደግ አይመስለኝም።

የተነኩት ስፒኖች ብዙ ሆነው እርስ በርሳቸው ቢነካኩስ? ይህ ጥያቄ ብዙ ዘመን አደረ። በ1998 ባስኮ፥ አላይነርና አልትሹለር መነካካቱም ቢኖር ባሉበት መቅረት እንደሚቻል በስሌት አወጡ። ይህም ዓመት ዘመነ ማርቆስ ነበረ፤ ማርቆስ ለዚህ ነገር ቀንቶታል።

በ2008፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ የአገራችን ሰው ከሞላበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፥ የክሪስቶፈር ሞንሮ ወገኖች 10 የኢተርቢየም አዮኖች በአንድ ረድፍ አሰለፉ። ስፒናቸውንም አንዱን ወደ ላይ፥ ቀጣዩን ወደ ታች አደረጉት፤ ዝብርቅርቁንም ራሳቸው በሌዘር መጠኑት። ዝብርቅርቅ ባልነበረ ጊዜ ስፒኖቹ የተደረደሩበትን ረሱ፤ ሲበረታ ግን መነሻቸውን ያዙ።

ከ2011 ወዲህ ግን ሊቃውንቱ ተከፍለዋል። እኩሌቶቹ ረድፉ እጅግ ቢረዝም ስፒኖቹ ለዘላለም ያስታውሳሉ ይላሉ፤ እኩሌቶቹም ቆይተው መርሳታቸው አይቀርም ይላሉ። በኮምፒዩተር አስልቶ መፍረድም ጭንቅ ነው፤ አንድ ስፒን በተጨመረ ቁጥር ስሌቱ እጥፍ ይሆናልና።